የቤት ወጪ፣ ምጣዱና የእትዬ ቡና

እሺ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ቤት ወጪ ነው የማወራው። ብዙዎቻችሁ ያን የቤታችንን ወጪ የምንጽፍበትን ደብተር "ከምን ደረሰ?" እያላችሁ ጠይቃችሁኛል። ደብተሩ አለ። አሁንም ትልቋ ልጄ ናት የምትጽፈው። አባቷም አሁንም ከክፍል ክፍል እየዞረ አምፖል ያጠፋል። ግን ሰሞኑን ከሆዴ አልወጣ ያለ ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ከየት እንደምጀምረው ስላላወቅኩ በአምፖሉ ልጀምር።

አምፖል ማጥፋት ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን የእኛን ቤት መብራት የሚበላው ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚወስደውን ያህል ለመውሰድ 10 ዋት ያለው ኤልኢዲ አምፖል 350 ሰዓት መብራት አለበት። ይሄን አስልቼ ለባለቤቴ ሳሳየው እሱም ገረመው። ታሪፉ ደግሞ ደረጃ አለው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ዝቅተኛው ነው፣ ከዚያ 100፣ 200፣ 300 እያለ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ብዙ መጠቀም ብቻ ሳይሆን ብዙ ተጠቅሞ በውድ መክፈልም አለ።

እኛ ያደረግነው ምንድነው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መጋገር ተውን። ብክነቱ ያለው ምጣዱ እስኪግል ነው። አንዴ ከጋለ ሳይቀዘቅዝ ሊጡን መጨረስ። የልጆቹን እንጎቻ ምጣዱን ካጠፋሁ በኋላ በቀረው ሙቀት አወጣለሁ፣ ያምራል። ከማጥፋቴ በፊት ግን፣ የእኔን እንጀራ እንደጨረስኩ፣ ጎረቤታችን እትዬ ሊጣቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ፣ በጋለው ላይ የሳቸውን ይጋግራሉ። እትዬን ታውቋቸዋላችሁ፣ አይዞሽ ለማለት "አብሽሪ" የሚሉንን። የሳቸው ምጣድ ከተቃጠለ ቆይቷል፣ አሠሩት፣ እንደገና ተቃጠለ። በቃ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነን።

ስለ እሳቸው ነው የማወራው እንግዲህ። ቆይ ግን ጤፉን ልጨርስ።

ጤፍ የመኸሩ እህል ገበያ ሲገባ ግዙ። ጥር፣ የካቲት ላይ። ሁሉም ያውቀዋል፣ ችግሩ በዚያ ሰዓት ለአንድ ኩንታል የሚሆን ብር በአንድ ጊዜ እጅ ላይ አለመኖሩ ነው። እኛ ለሁለት፣ ለሦስት ቤት ተካፍለን ነው የምንገዛው። ጤፍ ጥሩነቱ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ይከርማል። ማሽላና ባቄላ እንደዚያ አይደሉም፣ እነሱን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ነው። ከቃሉና ከቆቦ በኩል የሚመጣውን ነጭ ማሽላ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ማስፈጨት ደግሞ ለወሎ ሰው አይነገርም፣ እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው። የእኛ አገር በልግም አለው፣ ደጋው ላይ ሰኔና ሐምሌ አዲስ ገብስ ይገባል። በሶውን፣ ቆሎውን ያኔ ማሰብ ነው። ዱቄት የተፈጨ አትግዙ። እህሉን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ በእጃችሁ ዘግናችሁ ግዙና ራሳችሁ ወፍጮ ቤት ቁሙ።

ርካሽ ገበያ ፍለጋ ርቆ መሄድስ ላላችሁት፣ አስሉት። ባቲ የሰኞ ገበያ ፍየል ከደሴ ይረክሳል፣ እውነት ነው። ግን ባቲ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደሴ ኮምቦልቻ መውረዱም አለ። የሰው ትራንስፖርት፣ የፍየሏ ጭነት፣ እዚያ የሚበላው ምሳ። ለአንድ ቤት አያዋጣም። ሦስት ቤት ሆናችሁ አንድ ሰው ብትልኩ ያዋጣል። ደግሞ ፍየል የሚያውቅ ሰው ላኩ፣ አደራ።

እሺ። ቡናው።

የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የሁሉም ነገር ዋጋ እንዴት እንደሄደ እናንተም እዚሁ ናችሁ፣ አልነግራችሁም። የወሩ መጨረሻ ላይ ትልቋ ደብተሩን ትደምራለች። እየደመረች ጮክ ብላ ነው የምታነበው፣ ልማዷ ነው፣ ስትቆጥር ድምፅ ታወጣለች። ያን ቀን ቡና ላይ ነበርን። እትዬ በርጩማቸው ላይ፣ እኔ ጀበናው ጋ። ቶናው ተቀድቷል። ልጅቱ "እማ፣ በዚህ ወር ቡና ሽንኩርትን በለጠ!" አለች። ምንም አላሰበችም፣ ቁጥሩ ገርሟት ነው። እትዬ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። "እንግዲህ ሽንኩርቱን መተው ነው" አሉ እትዬ። በረካውን ጠጡ፣ መረቁን፣ ሄዱ።

በማግስቱ መጡ። በሰዓታቸው። እኔ መቁያውን ከሰል ላይ ጥጄ ቡናውን ላጥብ ስነሳ "ተይው" አሉኝ። የሻሻቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱት። ቡና ነው። ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው፣ ታጥቦ የደረቀ፣ የተለቀመ፣ አንድ እንክርዳድ የለበትም። እኔ ምንም ሳልል መቁያው ላይ ገለበጡት። "ዛሬ የኔን እንቅመሰው" አሉ። በቃ፣ ሌላ ምንም አላሉም። መቁያውን ራሳቸው ያዙት፣ ራሳቸው አመሱት። ጭሱን ወደ እኔ አዞሩልኝ፣ እኔም በእጄ ሳብ አደረግኩ፣ እንደ ወጉ።

ይሄ ነው እንግዲህ። ሌላ ነገር የለውም። ግን እኔ ያቺን "ዛሬ የኔን እንቅመሰው" ያሉባትን ድምፅ ደጋግሜ እሰማታለሁ። አንዳንዴ ደስ ብሏቸው ያሉት ይመስለኛል፣ ከገጠር ቡና መጥቶላቸው ይሆናል፣ ልጃቸው ልኮላቸው ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ታጥቦ የደረቀው ነገር ይመጣብኛል። ታጥቦ እስኪደርቅ ጊዜ ይፈልጋላ። ማታውኑ ነው ያጠቡት ማለት ነው። ከእኛ ቤት ወጥተው ሄደው ነው ያጠቡት።

ባለቤቴ "ሰው የራሱን ይዞ ቢመጣ ምን አለበት፣ በየተራ ማፍላት ድሮም ያለ ነው" ይላል። ልክ ነው፣ በየተራ ማፍላት ያለ ነው። አንድ ቀን እኛ ቤት፣ አንድ ቀን እነሱ ቤት። እሱ ግን ሌላ ነው። ያኔ ቤቱም ጀበናውም ከሰሉም የጠሪው ነው። ቡናን ቋጥሮ ሰው ቤት መምጣት ግን... ሐይቅ ከተማ ያለችው እናቴ ጋ ደውዬ ነገርኳት። "ተቀብለሽ ቆላሽው?" አለችኝ። "ራሳቸው ናቸው የቆሉት" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ "ዝናብ አለ እናንተ ጋ?" ብላ ጠየቀችኝ። እናቴን ለምታውቁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ከሰል ያልኩት አስታወሰኝ፣ ላቀች የምትባለውን ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ያልገዛችሁ ግዙ። ከሰሉን ሩብ ያህል ይቀንሳል። ለጀበና ደግሞ ትንሿ ትበቃለች።

እና ደብተሩ። እኔ በደብተሩ አምናለሁ። ደብተር ባይኖር ለስላሳና ብስኩት ምን ያህል እንደሚወስድብን፣ ለባጃጅ ኮንትራት ምን ያህል እንደምናወጣ አናውቅም ነበር። ከፒያሳ ቁልቁል በእግር መውረድ እየተቻለ ማለት ነው። የልጆቹ ዩኒፎርም እጅጌው ሰፋ ብሎ ተሰፍቶ፣ ጠርዙ ታጥፎ፣ በዓመቱ ሲፈታ ስንት እንደሚያድን አናውቅም ነበር። ሰዎች ቤት ውስጥ የሚጣሉት ብሩ የት እንደሄደ ስለማይታወቅ ነው ብዙ ጊዜ፣ እኔ እንደዚያ ነው የማየው። የበርጫ ወጪ ያለበት ቤት ደግሞ ያን ጽፎ ማየት ከባድ ነው፣ ግን ጻፉት፣ እባካችሁ፣ ለመጣላት ሳይሆን አብሮ ለማየት።

ግን ደብተሩ ላይ "ቡና" ተብሎ የተጻፈው የእኛ የቤት ወጪ ነው? እኔ እንጃ። በ2014፣ ያን ጥቅምትና ኅዳር፣ ደሴ በጦርነቱ ያሳለፈችውን የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ሱቅ በሌለበት ጊዜ እትዬ ካላቸው ዱቄት ላይ በጣሳ እየሰፈሩ ለእኛ ያመጡ ነበር። ትንሹ ገና ጡት ላይ ነበር። ያኔ ደብተር አልነበረንም። ቢኖርስ በየትኛው መስመር...

ይቅርታ። እሱን ዛሬ አላወራውም።

ትልቋን አልተቆጣኋትም። ምን ብዬ ነው የምቆጣት? ጻፊ ያልናት እኛ። ቀስ ብለሽ አንብቢ አልኳት እንጂ። "ለምን?" አለችኝ። ሰው ሲኖር አልኳት። "እትዬ ሰው ናቸው እንዴ?" አለች። እንግዳ ናቸው እንዴ ማለቷ ነው። መልስ አላገኘሁላትም እስካሁን።

አሁን አንድ ሐሳብ አለ፣ የባለቤቴ ነው። እንደ ጤፉ ቡናውንም ለሦስት ቤት በአንድ ላይ እንግዛ ይላል። እኛ፣ እትዬ፣ ማዶ ያሉት። በኪሎ በኪሎ ከሱቅ ከመግዛት እዚሁ ደሴ ሰኞ ገበያ ሄዶ ሰብሰብ አድርጎ መግዛት ይረክሳል፣ ያ ግልጽ ነው። የማንም ቡና የማንም አይሆንም፣ ማንም ቋጥሮ አይመጣም። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ግን እትዬ ጡረታ ናቸው። እኩል አዋጡ ልንላቸው ነው? ቀንሰን ብንላቸው ደግሞ ያ ቋጠሮ ለምን እንደመጣ እንደገባን መናገር ነው። ዝም ብለን ብንቀጥል ነገም ይዘው ሊመጡ ነው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላም ጊዜ ይዘው መጥተዋል፣ አንዴ ስኳር ጨምረው። ስኳሩን አልቀበልም አልኩ። "ምነው አንቱ፣ እኛ ቤት ስኳር ጠፍቶ ነው?" አልኳቸው። "አብሽሪ ልጄ" አሉና ረከቦቱ ሥር አስቀመጡት። እዚያው ነው ያለው፣ አልነካነውም።

ቅዳሜ መጋገሪያ ነው፣ ሊጣቸውን ይዘው ይመጣሉ። ያኔ አነሳዋለሁ ብያለሁ። ግን ባነሳው፣ "እትዬ፣ የቡናው ነገር" ብል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሊጡንስ ይዘው ይመጣሉ? ይሄን ነው የምፈራው። ባለቤቴ አብዝተሽ ታስቢያለሽ ይላል። ሊሆን ይችላል። የእናንተ ጎረቤት እንዲህ ቢያደርግ ምን ትሉ እንደነበር ንገሩኝ እስኪ፣ በተለይ እናቶች። ስለ ሽንኩርት አቀማመጥ የጠየቃችሁኝን ዛሬ አልደረስኩበትም፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ዘርግታችሁ አቆዩት ለጊዜው፣ ከድንች ጋር አታድርጉት፣ ሌላውን...