ሳይድዋይንደሩን የሰቀለው እጅ

የካራማራ ድል በሚታሰብበት በየካቲት 26፣ አዲስ አበባ ትግላችን ሐውልት ሥር የተደረገ ንግግር

የቀድሞው አየር ኃይል አባላት፣ እግረኛና ሚሊሻ ሆናችሁ የዘመታችሁ አባቶቼ፣ የሰማዕታት ቤተሰቦች፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ስታልፉ ድምፅ ሰምታችሁ የቆማችሁም ሁሉ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

አባቴ በ9ኛው ስኳድሮን የጦር መሣሪያ ቴክኒሽያን ነበር። አብራሪ አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ሰዎች «አባትህ ጀት ያበራል?» ሲሉኝ «አያበርም፣ ያስታጥቀዋል» እላቸዋለሁ፤ ወዲያው ወሬ ይለውጡብኛል። ዛሬ የመጣሁት ያ የተቋረጠ ወሬ እንዲቀጥል ብዬ ነው።

የ1969ኙን የሶማሊያ ወረራ ታሪክ ኦጋዴን ውስጥ ካለችው ከጎዴ ልጀምረው። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በፋሺስት ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረሩ ቁስለኞቻችንን ያመላለሱ ሰው ናቸው። ከነጻነት በኋላ ተመልሰው ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይላችንን መልሰው አቋቋሙ። ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላም አላረፉም፤ ለተቸገረ ወገን እርዳታ ለማድረስ ጎዴ ሳሉ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 የሶማሊያ ጦር በከፈተው ጥቃት ተገደሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ እሳቸው ያቋቋሙት አየር ኃይል ልጆች በኦጋዴን ሰማይ ላይ ከሚጎች ጋር ተገናኙ።

ሶማሊያ ሚግ-17ና ሚግ-21 ጨምሮ ሃምሳ ያህል ተዋጊ አውሮፕላኖች ነበሯት። እኛ አዲሱ ኤፍ-5ኢ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ከሱ ጋር የቆዩት ኤፍ-5ኤዎች አሉ። አውሮፕላኖቹ የአሜሪካ ሥሪት ናቸው፤ አሜሪካ ደግሞ በዚያው ዓመት የጦር መሣሪያ እርዳታዋን አቋርጣለች። እንግዲህ አንድ ጎማ ሲያልቅ፣ አንድ የነዳጅ ፓምፕ ሲበላሽ ከየት ይምጣ? አባቴ እንደሚለው ከወንድሙ ይመጣል። የቆመው አውሮፕላን ተፈትቶ የሚበረው ይጠገንበታል። ይህን የሚያደርገው ቴክኒሽያን ነገ የፈታውን ደግሞ መልሶ ሊገጥመው ስለሚችል እያንዳንዱን ብሎን በጨርቅ ቋጥሮ ያስቀምጣል።

ኤፍ-5 ትንሽ ናት። አፍንጫዋ ላይ ሁለት ባለ 20 ሚሊሜትር መድፎች፣ በክንፎቿ ጫፍ አንድ አንድ ሳይድዋይንደር ሚሳይል። ሚሳይሉ የሞተር ሙቀት ተከትሎ ስለሚሄድ አብራሪው ከጠላቱ ኋላ መግባት አለበት፤ ለዚያ ነው ቶሎ ቶሎ መታጠፍ የምትችለው ይህች አውሮፕላን በሠለጠነ እጅ ስትያዝ ያስፈራችው። በሌላ በኩል ጅጅጋ አጠገብ ካራማራ ተራራ ላይ የቆመው ራዳራችን ነበር። የሚመጣውን ከሩቅ እያየ፣ አብራሪዎቻችን ከየት በኩል እንደሚገቡ ይነግራቸዋል። ጥቂት አውሮፕላን ያለው ሰው በባዶ ሰማይ እየዞረ ነዳጅ ማቃጠል አይችልም። ራዳሩን ያንቀሳቅሱ የነበሩትንም ዛሬ አብሬ አነሳለሁ፤ ስማቸው ሲጠራ ሰምቼ ስለማላውቅ ነው።

በነሐሴ 1969 ድሬዳዋ ስትከበብ ከአየር የተመታው ታንክና ተሽከርካሪ ከተማዋን ካዳኗት ነገሮች አንዱ ነው። ጅጅጋና ካራማራ በመስከረም 1970 በጠላት እጅ ወደቁ፤ ያ የራዳር ዓይን አብሮ ጨለመ። ሰማዩ ግን ያኔ የእኛ ሆኖ ነበር። ከዚያ የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደር መጣ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ተመለሰች። ይህን ክፍል ከእኔ በተሻለ የሚያውቁት ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በዚያው ጊዜ በዚህች ከተማ፣ ከዚህ በማይርቁ መንገዶች ላይ የወጣት ሬሳ ይጣል ነበር። እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል አንድ ልጁን ለእናት ሀገር ጥሪ የላከ፣ ሌላውን በቀይ ሽብር ያጣ ቤተሰብ እንዳለ አውቃለሁ። የአብራሪውን ጀግንነት ስናነሳ የዚያችን እናት ኀዘን አንሸፍንበት። አባቴም ሁለቱን ደባልቆ አውርቶ አያውቅም።

ወደ ሁለት ሰዎች ልምጣ። ለገሠ ተፈራ ሚጎችን በአየር ላይ ጥለው ጦርነቱ ገና በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ አውሮፕላናቸው ተመታ፤ ተማረኩ። ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታሰሩ። ኩባዊው መኮንን ኦርላንዶ ካርዶሶም እዚያው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተዋል፤ ይህ ሐውልት የሁለቱ ሕዝቦች ነውና ስማቸውን እዚህ መጥራት ተገቢ ይመስለኛል። በ1980 ሁለቱም ተፈቱ። ለገሠ አውሮፕላን ላይ ሲወጡ መሰላሉን ይዞላቸው የነበረው ቴክኒሽያን በእነዚያ 11 ዓመታት ስንት ጊዜ ወደ ሰማይ አንጋጥጦ ይሆን? ማንም ጠይቆ የጻፈ የለም።

ሁለተኛው በዛብህ ጴጥሮስ ናቸው። በኦጋዴን ሰማይ ሚግ የጣሉ የዚሁ ስኳድሮን ልጅ። በኋላ በሰሜኑ ጦርነት አውሮፕላናቸው ተመትቶ በሻዕቢያ እጅ ለዓመታት ታሰሩ። ተፈቱ፣ እንደገና ለሀገራቸው በረሩ። በግንቦት 1990፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት፣ አስመራ ላይ ዳግም ተመቱ፣ ዳግም ተማረኩ። አልተመለሱም። ከሁለቱ ሀገሮች ሥልጣን ያላችሁ ይህን የምትሰሙ ከሆነ፣ በሕይወት ካሉ በሕይወት፣ ካለፉም ያረፉበትን ለልጆቻቸው ንገሩ። ከዚህ በላይ አልጠይቅም።

አባቴ ከአምስት ዓመት በፊት አረፈ። ሣጥኑን ስከፍት አንድ ቀይ ጨርቅ አገኘሁ፤ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ከሚሳይሉ ላይ የሚነቀለው የደህንነት ፒን መለያ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል። ጨርቁን ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ።

የ9ኛው ስኳድሮን ቴክኒሽያኖች፣ ነዳጅ ሞይዎች፣ የራዳር ሠራተኞች፣ ከእናንተ መካከል እዚህ ያላችሁ እጃችሁን አንሱልኝ። አያቶች የሆናችሁ እንዳላችሁ አያለሁ። አበባውን ሐውልቱ ሥር ዛሬ እናንተ አስቀምጡ፤ የልጅ ልጆቻችሁም ይደግፏችሁ። እኔ ከኋላችሁ እከተላለሁ።