ለመውረጃም ጉልበት እናስቀር
(ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚደረገው የእግር ጉዞ ዋዜማ፣ ላሊበላ ላይ ለተጓዦች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ተጓዦች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ነገ የምንወጣው አቡነ ዮሴፍ 4,260 ሜትር ከፍታ አለው፤ ላሊበላ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብዙ እንግዳ መንገድ ላይ አድሮ የሚወጣውን ተራራ እኛ በአንድ ቀን ደርሰን ልንመለስ ነው። ስለዚህ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ፦ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን፣ ጫፉን ረገጥንም አልረገጥንም፣ ፊታችንን እናዞራለን።

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ባወጣው ስሌት፣ ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይያዛል። በዚህ ከሄድን ዳገቱ ብቻውን 3 ሰዓት ያህል ይጨምርብናል። ያውም ዕረፍት አልተቆጠረም፤ አየሩ መሳሳቱም አልታሰበም። ጫፉ አካባቢ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ነው።

ደገኛ ነኝ ብሎ የሚተማመን ይኖራል፤ ልምዱ በእርግጥ ያግዘዋል። ትናንት ከኮምቦልቻ የመጣው ወንድማችን ግን ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል። ያን ጊዜ «አብሽር፣ ደረስን እኮ!» እያልን ወደ ላይ አንጎትተው። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ የከፍታ ሕመም ሲጠና ግን ሰው ይገድላል፤ ፍቱን መድኃኒቱም መውረድ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ዳገት ላይ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ ሰው ይሰማዋልና ይቆማል። ሲወርድ ትንፋሹ ይመለስለታል፣ የዳነም ይመስለዋል። የጭን ጡንቻ ግን በየእርምጃው የሰውነትን ክብደት ተሸክሞ እየተለጠጠ ነው የሚሠራው፤ በዚህም ይጎዳል። ሕመሙ የሚብሰው በማግስቱና በሠልስቱ ስለሆነ በሰዓቱ አያስጠነቅቅም። ጉልበት መብረክረክ ሲጀምር፣ ልቅ ጠጠር ላይ እግር ሲስት፣ ብርሃንም ሲደክም፣ ሰው የሚሰበረው ያኔ ነው። ጉልበታችሁን ሽቅብ አትጨርሱት፤ እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

ጡንቻ ያከማቸው ስኳር ጥቂት ሰዓት ቢያደርስ ነው። በሶውንም፣ ቆሎውንም፣ ጭኮውንም ሳይርባችሁ ቅመሱ። ውኃም ጥቂት በጥቂት። ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙ፤ ላዩ ከዚህ በ10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል።

እኔ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ነኝ። የደከመው ሳያፍር ይንገረኝ፤ አብሬው እመለሳለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንነሳለን። ደህና እደሩ።