ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ

እሷ፦ ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከጎንደር ፒያሳ አጠገብ ካለችው ጠባቧ ክፍላችን ነን። መብራት እስካለ ድረስ እናወራለን።

እሱ፦ የዛሬው ርዕስ ቀንና ሰዓት ነው። አፕ ስንሠራ እንዴት እንደምንይዛቸው። ቀላል ነገር ይመስላል፣ አይደል?

እሷ፦ ላንተማ ቀላል አልነበረም። አውቶቡሱን ንገራቸው።

እሱ፦ ኧረ ተይው! እሺ ልናገር። አዲስ አበባ ልሄድ በአፕ ትኬት ቆረጥኩ። ስልኬ በአማርኛ ነው። ትኬቱ «እሁድ 4:30 ጥዋት» ይላል። ረፋድ ላይ ነው ብዬ ቁርሴን በላሁ፣ ቡናዬን ጠጣሁ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። ለካ አውቶቡሱ የወጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ስቆም እሱ ባሕር ዳርን አልፏል።

እሷ፦ የሚገርመኝ ኮዱ አለመበላሸቱ ነው። ስልኩ ቋንቋው አማርኛ ሲሆን፣ ኤኤም የሚለውን «ጥዋት» ብሎ ይተረጉማል። ቃሉን ይቀይራል፣ ቁጥሩን አይነካም። ስለዚህ የፈረንጁ አራት ተኩል አማርኛ ለብሶ ይመጣል።

እሱ፦ ጋቢ የለበሰ ፈረንጅ በይው።

እሷ፦ አዎ! እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ትጠራጠር ነበር። አማርኛ ስለሆነ አመንከው።

እሱ፦ ታዲያ መፍትሔው ስድስት ሰዓት መቀነስ ነዋ። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት አፕ ላይ እንደዚያ ነበር የማደርገው። ቀንሼ ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

እሷ፦ በሞትኩት! ዳታቤዝ ውስጥ?

እሱ፦ ልጅ ነበርኩ።

እሷ፦ ሰርቨር ማወቅ ያለበት ቅጽበቱን ብቻ ነው። ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንድ ይቆጥራሉ። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ማለት ነው። መነሻው የዩቲሲ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት፣ እኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ያ ቆጠራ ጎንደርም ሆነ ዋሽንግተን አንድ ነው። ስድስቱ ሰዓት የሚቀነሰው መጨረሻ ላይ፣ ለዓይን ሲቀርብ ብቻ ነው። ምክንያቱም የእኛ አቆጣጠር የሰዓት ክልል አይደለም። የሰዓት ክልላችን ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት መቅደም ነው፣ እንደ ኬንያ። ስድስቱ የንባብ ጉዳይ ነው።

እሱ፦ አጎቴ ግን የሰዓት ክልል አድርጎታል። ስልኩን ሳኦ ፓውሎ፣ ብራዚል ላይ አስቀምጦታል።

እሷ፦ ምን?

እሱ፦ ሳኦ ፓውሎ ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ስልኩ ቁጭ ብሎ በሐበሻ ሰዓት ይቆጥርለታል። ቀኑም የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ከእኛ ልማድ ጋር ልክክ!

እሷ፦ አጎትህ ብልህ ናቸው። ግን ያንተ አፕ የስልካቸውን የሰዓት ክልል ወስዶ እንደገና ስድስት ቢቀንስ ጉድ ነው። ለዚህ ነው የአውቶቡስ ሰዓት በመነሻው ከተማ ሰዓት መታየት ያለበት። የአውሮፕላን ትኬት እንደዚያ ነው። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስትነሳ የጎንደርን፣ ስታርፍ የደረስክበትን።

እሱ፦ ክልሉን ሲያስቀምጡም በስሙ ነው፣ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ተብሎ። «ሲደመር ሦስት» ብቻ ብሎ መጻፍ ለእኛ ያስኬድ ይሆናል፣ ሰዓት ስለማንቀይር። ዋሽንግተን ላይ ግን ከማርች እስከ ኖቬምበር ልዩነታችን ሰባት ሰዓት ነው፣ በቀረው ጊዜ ስምንት።

እሷ፦ ዋሽንግተን ካልክ አይቀር፣ ጥምቀትን ላንሳ። አንድ የበዓላት ካላንደር ሠርቼ ነበር። ጥር 11ን ያስቀመጥኩት እንደ ቅጽበት ነው፣ በእኛ እኩለ ሌሊት። እህቴ ከዚያ ደወለች። «ጥምቀት ጥር 10 ነው ይላል፣ ከተራውን የት አደረግሽው?» አለችኝ። የእኛ እኩለ ሌሊት እዚያ ያለፈው ቀን ከሰዓት በኋላ ነዋ! በዓል ወይም የልደት ቀን ቅጽበት አይደለም። ቀን ነው። ሰዓት አታልብሰው፣ ቀን ሆኖ ይቀመጥ።

እሱ፦ በፈረንጅ ቀን ማስቀመጥም ሌላ ወጥመድ ነው። ብዙ ሰው ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው ብሎ ይሸመድዳል። ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን የሚቀጥለው ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ይውላል። በ2016 እንደዚያ ነበር።

እሷ፦ ያኔ የማውቀው የእንግዳ ማረፊያ 19ን ኮዱ ውስጥ ቸክሎት ነበር። የበዓሉ ዋጋ አንድ ቀን ቀድሞ አበቃ። እንግዶቹ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሊወርዱ ሲዘጋጁ፣ ሲስተሙ «ክፍል ልቀቁ» ይላል።

እሱ፦ ደግሞ ስምንት ዓመት ቀንሰው የሚያልፉም አሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ነው እኮ። የወር ዝርዝራቸውም አሥራ ሁለት ነው፣ ጳጉሜን ሲመጣ አፑ ይወድቃል። አንድሮይድም አይፎንም የኢትዮጵያ ካላንደር አብሮ የተሠራ አላቸው። ያንን መጠቀም ነው።

እሷ፦ ስለ ፎርማት ፊደላትም፣ ቀኑ እንዴት እንደሚጻፍ ለኮዱ ስለምንነግርባቸው የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ አንድ ነገር ልበልና እንለፍ። ዓመት ለመጻፍ ትንሹን ዋይ አራት ጊዜ። ትልቁ ዋይ ቀኑ ያለበት ሳምንት የሚቆጠርበትን ዓመት ነው የሚሰጥህ። ዓመቱን ሙሉ ልክ ይመስላል፣ ከዚያ ዲሴምበር 30 ቀን 2024ን 2025 ይልሃል።

እሱ፦ ስለዚህ የእኔ ትኬት ምን ማለት ነበረበት?

እሷ፦ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል»።

እሱ፦ ይህቺን የሚያወጣ ፎርማት አለ?

እሷ፦ የለም። ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ የሚለውን ራስህ ነህ የምትጽፈው። «አጥቢያ»ንም እንደዚሁ። ሁለት ሦስት መስመር ኮድ ነው።

እሱ፦ ዛሬ ማታ እጽፋታለሁ።

እሷ፦ ማታ ስትል፣ በማን ሰዓት?