ከአራት ሰዎች ማኅበር እስከ ጎንደር

[ምስል፦ በእንግሊዝ ገጠር የቆመ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን]

እስቲ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ የሚያገለግል አንድ የአንግሊካን፣ ማለትም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄስ እናስብ። አራት አምስት አጥቢያ ብቻውን ይዟል። መጽሐፍ ቅዱስን ገልጦ ይሰብካል፣ ሰዎችን ወደ ንስሐና ወደ ክርስቶስ ይጠራል፤ ወንጌላዊ የሚባለው ዓይነት ነው። በአካባቢው ያሉት ካህናት ግን እንደ እሱ ላያስቡ ይችላሉ። ሲደክመው ወደ ማን ይሂድ?

በብዙ የእንግሊዝ አህጉረ ስብከት የወንጌላውያን ኅብረት ያለው ለዚህ ነው። ኅብረቱ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ የራሱ ጳጳስም የለውም። በአንድ ሀገረ ስብከት ያሉ ካህናትና ምእመናን አብረው ይጸልዩበታል፣ ቃሉን ያጠኑበታል፣ ለሲኖዶስ ምርጫ የሚቀርቡትን ያበረታቱበታል። ሲኖዶስ ስል የጳጳሳት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ሲኖዶስ የጳጳሳት፣ የካህናትና የምእመናን የሚባሉ ሦስት ቤቶች አሉት፤ ምእመኑም እዚያ ድምፅ ይሰጣል።

[ምስል፦ የድሮ ለንደን ካርታ፣ አልደርስጌት ጎዳና]

የዚህ ነገር ሥር ሩቅ ነው። በጃንዋሪ 1783 እ.ኤ.አ. አልደርስጌት ጎዳና ላይ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አራት ሰዎች ተሰበሰቡ። ጆን ኒውተን፣ ሪቻርድ ሴሲልና ሄንሪ ፎስተር ካህናት ናቸው። ኒውተን በወጣትነታቸው የባሪያ መርከብ አዛዥ የነበሩ፣ ኋላ የተመለሱ ሰው ናቸው። አራተኛው ኢላይ ቤትስ ግን ምእመን ናቸው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከካህናቱ ጋር እኩል ተቀመጡ።

ለምን ተሰበሰቡ? ያኔ ወንጌላዊ ካህን መሆን ብቸኝነት ነበር። ቻርልስ ሲሜን በ1782 ካምብሪጅ ላይ ደብር ሲሰጣቸው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በር ያላቸው የግል መቀመጫዎች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው የመቀመጫዎቹን በር ቆልፈው ቀሩ። ሊሰማ የመጣው ሰው በመተላለፊያው ቆሞ አዳመጠ። ሲሜን ወንበር ገዝተው ቢያስገቡ፣ የደብሩ የምእመናን ተጠሪዎች አውጥተው ጣሉባቸው። ይህ ለዓመታት ቆየ! እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን የሚችል ሰው ጥቂት ነው።

የለንደኑ ማኅበር ኤክሌክቲክ ተባለ። በየሁለት ሳምንቱ ይገናኛሉ፤ ጽዋ ማኅበር ለሚያውቅ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። ተራ አለው፤ የሚዞረው ግን ጽዋ ሳይሆን ጥያቄ ነው። አንዱ ጥያቄ ያነሣል፣ ሌሎቹ በየተራ ይናገራሉ።

ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ወንጌል ላልደረሳቸው ሕዝቦች ምን እናድርግ የሚል ነበር። ሲሜን በ1796 አነሡት፤ ጆን ቬን በማርች 1799 መለሱት። በቀጣዩ ወር፣ በዚያው የእንግዳ ማረፊያ፣ 16 ካህናትና 9 ምእመናን ተሰብስበው በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ማኅበር የተባለውን መሠረቱ።

[ምስል፦ ካይሮ፤ የአማርኛ የእጅ ጽሑፍ]

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቁት ጎጃሜው አባ አብርሃም፣ ካይሮ ውስጥ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስሊን ጋር አሥር ዓመት ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሱ። በሳምንት ሁለት ቀን በራቸውን ዘግተው ይሠሩ ነበር። በ1820 የዚያው የሚሲዮናውያን ማኅበር መልእክተኛ ዊልያም ጆዌት የእጅ ጽሑፉን ለእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዙት። አራቱ ወንጌላት በ1824 ለንደን ላይ ታተሙ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840። አባ አብርሃም ግን የታተመውን አላዩትም፤ አስቀድሞ ወረርሽኝ ወስዷቸዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

[ምስል፦ የምፅዋ ወደብ፣ ወደ ደጋው የሚያወጣ መንገድ]

በ1829 መጨረሻ ሚሲዮናውያኑ ሳሙኤል ጎባትና ክርስቲያን ኩግለር ምፅዋ ደረሱ። የላካቸው ያው የሚሲዮናውያን ማኅበር ነው። ኩግለር በዓመቱ ዓድዋ ላይ አረፉ። ጎባት ጎንደር ዘልቀው ከእጨጌው ጋር ተወያዩ፤ የታተመውንም ወንጌል ለሚያነቡት አደሉ።