ዘመዷ የጠፋባት የባሕር ትል

ሳምሪ፦ እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቻችን? ሳምሪ ነኝ።

ብሩክ፦ ብሩክም አለሁ።

ሳምሪ፦ የዛሬውን ርዕስ እንዴት እንደምወደው! ሳይንቲስቶች በእጃቸው ይዘዋቸው፣ በማይክሮስኮፕ አይተዋቸው፣ ስም አውጥተውላቸው ሲያበቁ፣ «የማን ወገን ናቸው?» ሲባል ግን እስካሁን ያልተስማሙባቸው ፍጥረታት አሉ። በምደባው ላይ ከስማቸው አጠገብ «ቦታው ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይጻፋል።

ብሩክ፦ ዲኤንኤ እያለ?

ሳምሪ፦ ዲኤንኤ እያለ! እንዲያውም አንዷን የባሕር ትል ጉድ የሠራት ዲኤንኤው ነው። እመጣበታለሁ።

ብሩክ፦ ይሄ እኮ የጾም ዓሣ ክርክር ነው። ይበላል፣ አይበላም።

ሳምሪ፦ ውይ ብሩኬ፣ ለምን ነካኸው! እኛ ቤት የሆነውን ብትሰማ። ባሕር ዳር አክስቴ ጋ ነን፣ ሁዳዴ ነው። ቀረሶውን ግራና ቀኝ በቢላ ሰንጥቃ፣ ጨውና ሎሚውን ስንጥቁ ውስጥ አስገብታ፣ ዘይቱ ገና እየተንጫጫ አቀረበችው። አጎቴ እጁን ሰበሰበ። «በጾም?» አለ።

ብሩክ፦ አይይ…

ሳምሪ፦ አክስቴ «ዓሣ ከመቼ ወዲህ ነው ሥጋ የሆነው? ጌታም በልቶታል» አለች። እሱ ደግሞ «ደም ካለው ሥጋ ነው፣ አለቀ» አለ። የአጎቴ ልጅ መሀል ገብቶ «በባዮሎጂ ዓሣ እንስሳ ነው» ሲል ሁለቱም እሱ ላይ ዞሩ።

ብሩክ፦ ማን አሸነፈ ታዲያ?

ሳምሪ፦ ማንም! «የንስሓ አባታችንን እንጠይቃለን» ተብሎ ታለፈ። አክስቴ በላች፣ አጎቴ ሽሮውን በላ።

ብሩክ፦ ያው ነው እኮ የምልሽ! ሁሉም በየራሱ መስፈርት ይመድባል።

ሳምሪ፦ አይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የጾሙ ጥያቄ ሥርዓት ነው፤ መልሱም ያለው አባቶች ጋ ነው። የትሏ ጥያቄ ግን የትውልድ ጉዳይ ነው። እኛ አወቅንም አላወቅንም እውነተኛ ዘር ማንዘር አላት። ከማን እንደተወለደች በድምፅ ብልጫ አይወሰንም።

ብሩክ፦ ግን «ፋይለም» የሚባለውን፣ የእንስሳት ትልልቅ ወገኖች የሚለዩበትን መስመር ያሰመረው ሰው ነው።

ሳምሪ፦ መስመሩን አዎ፤ ዝምድናውን አይደለም።

ብሩክ፦ ግማሹን ተቀብያለሁ። የቷ ትል ናት ግን?

ሳምሪ፦ እሷን ሳልነግርህ! ዜኖተርቤላ ትባላለች። በስዊድን ምዕራብ ጠረፍ፣ ከባሕሩ ሥር ጭቃ ውስጥ ነው የምትኖረው። ሲክስተን ቦክ የሚባል ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1915 አገኛት። ስም ወጥቶላት በወግ የተገለጸችው ግን በ1949 ነው።

ብሩክ፦ ከሠላሳ ዓመት በላይ?

ሳምሪ፦ አዎ! ምን ይጻፍላት? ርዝመቷ ጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ ጠፍጣፋ፣ የወለቀ ካልሲ የምትመስል። አንጎል የላትም፣ ዓይን የላትም። አፍ አላት፤ ፊንጢጣ የላትም።

ብሩክ፦ ቆይ ቆይ። የበላችውስ በየት ይወጣል?

ሳምሪ፦ በገባበት።

ብሩክ፦ በስመ አብ!

ሳምሪ፦ እንስሳ የሚመደብበት ምልክት ሁሉ እሷ ላይ ጠፋ። ከዚያ በ1997 ዲኤንኤዋ ተመረመረ። ውጤቱ ምን አለ መሰለህ? ሞለስክ ናት! የቀንድ አውጣና የባለ ሁለት ዛጎሎቹ ዘመድ።

ብሩክ፦ ዛጎል ሳይኖራት?

ሳምሪ፦ ሳይኖራት። ትልቅ ዜና ሆነ፤ «እንግዲህ ቦታዋን አገኘች» ተባለ። በ2003 ሌላ ቡድን ዲኤንኤውን እንደገና ሲያየው የሞለስክ ዲኤንኤ በእርግጥ አለ። ግን የእሷ አይደለም። የምሳዋ ነው!

ብሩክ፦ እንዴት የምሳዋ?

ሳምሪ፦ ትንንሽ ባለ ሁለት ዛጎሎችን ትበላለች። ናሙናው ሲወሰድ ሆዷ ውስጥ የነበረው ምግብ አብሮ ገባ፤ የተነበበው የእሱ ዲኤንኤ ነው።

ብሩክ፦ አክስትሽን ዓሣውን በልታ ስትጨርስ መርምረው «ዓሣ ናት» እንደማለት!

ሳምሪ፦ እኮ! እኔን የሚያንገበግበኝ ምን መሰለህ? ለስድስት ዓመት የሌላ ፍጥረት ዘመድ ይዛ ኖረች። ክፍቱን ቢተዉት ይሻል ነበር። «አናውቅም» ብሎ መጻፍ እኮ የተከበረ ሥራ ነው። ተማሪዎቼ «አናውቅም» የሚለውን እንደ ሽንፈት ነው የሚያዩት። አይደለም! ለሚቀጥለው ሰው «እዚህ ጋ ሥራ አለ» ብሎ ምልክት መተው ነው።

ብሩክ፦ ግን እነዚያም ባይሳሳቱ እነዚህ አያርሙም ነበር።

ሳምሪ፦ እሱም አለ… ቢሆንም ክፍቱን ይተዉት።

ብሩክ፦ እሺ፣ አሁን የት ናት?

ሳምሪ፦ አሁን ነው የሚጣፍጠው። ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው፣ በተለይ በ2016 የወጣው ጥናት፣ ግራና ቀኝ ጎን ያላቸው እንስሳት፣ ማለትም እኛን፣ ነፍሳትን፣ ቀንድ አውጣን ሁሉ የሚይዘው ግንድ ላይ መጀመሪያ የተገነጠለችው እሷና ዘመዶቿ ናቸው ይላል። ሁለተኛው፣ በ2019 የወጣ፣ የለም፣ ከኮከብ ዓሣ ወገን አጠገብ ናት ይላል።

ብሩክ፦ ልዩነቱ ምን ያመጣል?

ሳምሪ፦ ሁሉን ነገር! የመጀመሪያው እውነት ከሆነ አንጎልም ፊንጢጣም የሌላት ከጥንቱም ስላልነበራት ሊሆን ይችላል። እኛ ሁላችን የመጣንበት ጥንታዊ አካል ምን ይመስል እንደነበር ፍንጭ ትሰጠናለች። ሁለተኛው ከሆነ ግን ቅድመ አያቶቿ ነበራቸው፣ እሷ ጣለችው ማለት ነው። ያቺው ትል፣ ያው ጭቃ፣ ታሪኩ ግን ተገልብጦ!

ብሩክ፦ እኔ ጣለችው ነው የምለው።

ሳምሪ፦ በምን?

ብሩክ፦ ጭቃ ውስጥ አንጎል ምን ያደርግላታል?

ሳምሪ፦ እሱ እንኳ አይበቃም፤ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባለ አንጎል ትሎች ሞልተዋል። ደግሞ በ2016 ከፓስፊክ ጥልቅ ባሕር አራት አዳዲስ ዝርያዎች ይፋ ሆነዋል። አንዷ 20 ሴንቲ ሜትር ናት፤ ሌላዋ 3,700 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው የተገኘችው። ዘመዶቿ ስለበዙ ንጽጽሩ ይቀላል ብለን ነበር፤ ክርክሩ ግን ቀጥሏል።

ብሩክ፦ ሌሎቹን ፍጥረታት መቼ ልትነግሪን ነው? ሰዓታችን እያለቀ ነው።

ሳምሪ፦ እሺ አንድ ብቻ፣ በፍጥነት። የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት፣ ፍራንሲስ ተሊ የሚባል ቅሪተ አካል መሰብሰብ የሚወድ ሰው በ1950ዎቹ አንድ ነገር አገኘ። ወደ 300 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። ዓይኖቹ ከጎንና ከጎን በወጣ ዘንግ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ከፊቱ ረጅም ኩምቢ፣ ከኩምቢው ጫፍ ጥርስ ያለው መቆንጠጫ። ቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ወሰደው፤ እዚያም የማን ወገን እንደሆነ የሚናገር ጠፋ። በ1966 «የተሊ ጭራቅ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጠው፤ በ1989 የግዛቲቱ ይፋዊ ቅሪተ አካል ሆነ። ወገኑ ሳይታወቅ!

ብሩክ፦ እስካሁንም?

ሳምሪ፦ በ2016 «ባለ አከርካሪ ነው» የሚሉ ሁለት ጥናቶች ወጡ። በዓመቱ ሌሎች ተቃወሙ። በ2023 የጃፓን ተመራማሪዎች ከ150 በላይ ናሙናዎችን በሦስት አቅጣጫ ስካን አድርገው «ባለ አከርካሪ አይደለም» አሉ።

ብሩክ፦ እኔ አከርካሪ አለው ባይ ነኝ።

ሳምሪ፦ ማስረጃህ?

ብሩክ፦ ዓይኑ። ዓይኑ ውስጥ የባለ አከርካሪ ዓይነት ቀለም ተገኘ ሲባል ሰምቻለሁ።

ሳምሪ፦ ተገኝቷል፣ ሁለት ዓይነት የቀለም ቅንጣት። ነገር ግን በ2019 ዓይኑ ውስጥ ያለው የብረታ ብረት ይዘት ሲመረመር የበለጠ የቀረበው አከርካሪ ወደሌላቸው ሆነ።

ብሩክ፦ አልተዘጋም ማለት ነው።

ሳምሪ፦ አልተዘጋም። በሚቀጥለው ከዚሁ እንጀምራለን፤ የካናዳውን ስምንት ሜትር የሚደርስ ቅሪተ አካል፣ መጀመሪያ ዛፍ፣ ቀጥሎ አልጌ፣ ኋላም ፈንገስ የተባለውን፣ ሳልነግርህ አልለቅህም።