ኪንግ ከርቲስ፦ ሃያ ሰከንድ የበቃው ሳክስፎን

[ድምፅ፦ የአሬታ ፍራንክሊን «ሪስፔክት»፣ ሳክስፎኑ ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ]

እዚህ ጋ ጆሮ ስጡልኝ። አሬታ ፋታ ወሰደች። ሳክስፎን ገባ። ዜማው ድንገት ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። ሃያ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ አሬታ ተመለሰች።

[ድምፁ ይቀንሳል]

ዘፈኑን የማያውቅ የለም። ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። ከርቲስ አውስሊ ይባላል። በሙዚቃው ዓለም የሚታወቀው «ኪንግ ከርቲስ» በሚለው ስሙ ነው።

እኔ ዘፈን ስሰማ ጆሮዬ ሁልጊዜ አጃቢው ላይ ነው። ልጅ እያለሁ ቤታችን ካሴት ሲገዛ ሽፋኑን ገልብጬ ትንንሹን ጽሑፍ ነበር የማነበው። ቤዝ ማን ነው? ሳክስፎን ማን ነው? በከርቲስ ዘመን በወጡት የአሜሪካ ሸክላዎች ላይ ግን የአጃቢ ስም ብዙ ጊዜ አይጻፍም ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ ስለ እሱ ማውራት የፈለግኩት።

[ምስል፦ የቴክሳስ ካርታ፣ ፎርት ወርዝ ላይ ምልክት]

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከርቲስ የተወለደው የካቲት 7 ቀን 1934 ፎርት ወርዝ፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው። እሱንም እህቱንም በጉዲፈቻ የወሰዱ ቤተሰቦች ናቸው ያሳደጓቸው። የተማረበት የአይ ኤም ቴሬል ትምህርት ቤት ታዋቂውን የጃዝ ሳክስፎኒስት ኦርኔት ኮልማንን ያፈራ ነው። ከጃዝ ሙዚቀኛው ከላይኔል ሃምፕተን ባንድ ጋር ተጫወተ፤ ከዚያ በ1952 ኒው ዮርክ ገባና ኑሮውን እዚያው አደረገ።

ኒው ዮርክ ውስጥ የያዘው ሥራ የስቱዲዮ ሙዚቀኛነት ነው። ምን ማለት ነው? ስልክ ይደወልልሃል። በተባለው ሰዓት ሳክስፎንህን ይዘህ ትደርሳለህ። ዘፋኙን ምናልባት ያን ቀን ነው የምታውቀው። አንድ ቀረጻ ሦስት ሰዓት ነው፤ በዚያ ውስጥ ሦስት አራት ዘፈን ማውጣት የተለመደ ነበር። «እዚህ ጋ ሶሎ አለህ» ይሉሃል፤ ብቻህን ጎልተህ የምትነፋበት ቦታ ማለት ነው። ያለህ ጊዜ አሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ነው። የምትለውን ትላለህ፣ ክፍያህን ትቀበላለህ፣ ወደሚቀጥለው ስቱዲዮ ትሄዳለህ።

በዚህ አጭር ጊዜ የሚረሳ ነገር መንፋት ቀላል ነው። ከርቲስ የማይረሳ ነገር ይነፋ ነበር።

[ድምፅ፦ የኮስተርስ «ያኪቲ ያክ» ሶሎ]

ይሄ ኮስተርስ የተባለው የድምፃውያን ቡድን «ያኪቲ ያክ» ነው፣ 1958። ዘፈኑ ከሁለት ደቂቃ ያንሳል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን አንደኛ ወጥቷል። ወላጆች ልጃቸውን ቆሻሻ ድፋ፣ ወለል ጥረግ እያሉ ይጨቀጭቁታል። መልስ እንዳይሰጥም ይከለክሉታል። እኔ ሳዳምጠው መልሱን የሚሰጥለት ሳክስፎኑ ይመስለኛል።

እንዴት እንደሚነፋው ቀረብ ብለን እንይ።

[ምስል፦ የሳክስፎን አፍ በቅርበት፣ የሙዚቀኛው ከንፈር]

እዚህ ጋ ሪድ የሚሏት ስስ የሸምበቆ ቁራጭ አለች። ስትነፋ ትንቀጠቀጣለች፤ ድምፁ ከእሷ ነው የሚነሳው። ሙዚቀኛው ምላሱን ሪዷ ላይ ሲያሳርፍ ድምፁ ይቆረጣል፣ ሲያነሳ ይለቀቃል። ከርቲስ ይህን በሚገርም ፍጥነት ያደርገዋል። እያንዳንዱ ኖታ አጭር ነው፣ ቁርጥ ያለ። ጥሬ የምትለቅም ዶሮ ታውቃላችሁ? ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅጠቅ። ልክ እንደዚያ። በኋላ ቡትስ ራንዶልፍ የተባለ ሳክስፎኒስት ከዚህ ሶሎ ተነሥቶ «ያኪቲ ሳክስ»ን ሠራ። የእንግሊዙ ቀልደኛ ቤኒ ሂል ሰው በሚያሯሩጥበት ቦታ ሁሉ የምትሰሟት ሙዚቃ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ስልኩ አላርፍ አለ። በዚያው በ1958 የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኙ ቡዲ ሆሊ እስከ ኒው ሜክሲኮ ድረስ አስመጥቶት አብረው ቀረጹ። በ1962 በራሱ ስም ያወጣው «ሶል ትዊስት» ሪትም ኤንድ ብሉዝ በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ነሐሴ 1965 ቢትልሶች ኒው ዮርክ፣ ሼይ ስታዲየም ከ55,000 በላይ ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ ከእነሱ በፊት መድረክ ላይ ከወጡት አንዱ የእሱ ባንድ ነበር። በ1966 ደግሞ ገና ስሙ ያልተሰማ ጊታሪስት ለጥቂት ጊዜ ባንዱ ውስጥ ተጫውቷል። ጂሚ ሄንድሪክስ ነው።

[ምስል፦ የአትላንቲክ ሪከርድስ ሸክላ ሲሽከረከር]

አሁን ወደ መጀመሪያው ዘፈን እንመለስ። «ሪስፔክት» የዘፋኙ የኦቲስ ሬዲንግ ድርሰት ነው፣ እሱም በ1965 ዘፍኖታል። አሬታ የካቲት 14 ቀን 1967 ኒው ዮርክ፣ በሸክላ አሳታሚዋ በአትላንቲክ ስቱዲዮ ውስጥ ስትቀርጸው ከአላባማ የመጡ ሙዚቀኞችም ነበሩ። አንድ ነገር ግን ጎደለ። በኦቲስ ዘፈን ውስጥ ከስንኙ ወጣ ብሎ የሚያሳርፍ ክፍል የለም። ስለዚህ ሳምና ዴቭ ከሚባሉ ሁለት ዘፋኞች ዘፈን ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆችን፣ ተዋሱና መሃል ላይ አስገቡት። ዘፈኑ ሲ በሚባለው የድምፅ መነሻ ላይ ነው፤ ይህ ክፍል ኤፍ ሻርፕ ማይነር በሚባለው ላይ ነው። ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። እንደ ተገጣጥሞ የተሰፋ ልብስ ስፌቱ መታየት ነበረበት።

[ድምፅ፦ ያው ክፍል በድጋሚ]

ስፌቱ ታያችሁ? እኔ አይታየኝም። ከርቲስ ብዙ ኖታ አልደረደረም። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ትንሽ ሻካራ፣ ሰው ሲጮህ እንደሚሰነጠቅ ጉሮሮ። በእኛ ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለ አይደል? አሬታ አውጪ ናት፣ እሱ ተቀባይ። ጥሩ ተቀባይ አውጪው ያለውን አይደግምም። ከፍ አድርጎ ይመልስለታል።

በዚያው ዓመት ሜምፊስ ሄዶ «ሜምፊስ ሶል ስቱ»ን ቀረጸ። ሶል የሙዚቃ ዓይነት ነው፣ ስሙ የሶል ወጥ ማለት ነው፤ ሥራውም የወጥ አሠራር ነው። ከርቲስ እንደ ወጥ ቤት እያወራ ይጀምራል፣ ግማሽ ሲኒ ቤዝ ይላል። ቤዙ ብቻውን ይገባል። ቀጥሎ ድራም፣ ቀጥሎ ጊታር፣ ኦርጋን ቆንጠር ተደርጎ። እያንዳንዱ አጃቢ ተጠርቶ፣ ለብቻው ተሰምቶ ነው ድስቱ ውስጥ የሚገባው። ሳክስፎኑ በስተመጨረሻ ነው የሚጨመረው። ዕድሜውን ሙሉ ከዘፋኝ ኋላ የቆመ ሰው እንዲህ ያለ ዘፈን መሥራቱ ልቤን ይነካዋል።

[ምስል፦ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፊልሞር ዌስት]

1971 ለእሱ ትልቅ ዓመት ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ትልቁን የሙዚቃ ሽልማት ግራሚን ወስዷል። አሁን የአሬታ የሙዚቃ መሪ ነው። በመጋቢት ሦስት ሌሊት ሳን ፍራንሲስኮ ባለው የሙዚቃ አዳራሽ ፊልሞር ዌስት ላይ ኪንግፒንስ ከተባለው ባንዱ ጋር አጀባት። ጊታር ኮርኔል ዱፕሪ፣ ቤዝ ጄሪ ጀሞት፣ ድራም በርናርድ ፐርዲ፣ ኦርጋን ቢሊ ፕሬስተን። መጀመሪያ ራሳቸው ይጫወታሉ፣ መክፈቻው ያቺው የሶል ወጥ ናት። የመጨረሻው ሌሊት ላይ ሬይ ቻርልስ ራሱ መድረክ ወጣ። ቅጂውን ፈልጋችሁ አዳምጡት፣ እባካችሁ።

በሐምሌ ከቢትልሶች አንዱ የነበረው ጆን ሌነን ጠራው። «ኢማጂን» አልበም ውስጥ ሁለት ዘፈን ላይ የምትሰሙት ሳክስፎን የከርቲስ ነው።

አልበሙ ሲወጣ ግን እሱ አልነበረም። ነሐሴ 1971፣ ሙቀት ያቃጠለው የኒው ዮርክ ምሽት ነው። በምዕራብ 86ኛ ጎዳና ወዳለው ሕንፃው የአየር ማቀዝቀዣ ይዞ ሊገባ ሲል ደረጃው ላይ ከነበረ ሰው ጋር ተጣሉ። በጩቤ ተወጋ። 37 ዓመቱ ነበር።

በቀብሩ ቀን አትላንቲክ ቢሮውን ዘጋ። ሥርዓቱን የመራው ፓስተርና የመብት ታጋይ የነበረው ጄሲ ጃክሰን ነው። አሬታ መዝሙር ዘመረች፣ ስቲቪ ዎንደርም ዘፈነ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ ሐዘንተኛው ገና እየገባ ሳለ፣ ኪንግፒንስ የከርቲስን «ሶል ሰሬናድ» መጫወት ጀመሩ። አንዷን ዘፈን አንድ ሰዓት ሙሉ ተጫወቷት።

[ድምፅ፦ «ሶል ሰሬናድ»፣ እስከ መጨረሻው]