ታርመው ያልተነበቡ ወረቀቶች
(በሐዋሳ፣ በሒሳብ መምህራን ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን፣ ከይርጋለምና ከአለታ ወንዶ ገና ሳይነጋ ተነስታችሁ ለመጣችሁ ምስጋናዬ ከልብ ነው። በዓመቱ ሁለት ሥልጠና ሰጥተናል፤ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርቱም አልተቋረጠም። የሒሳብ ሪፖርቱን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ጉዳይ ልግባ።

ባለፈው ጉባኤ በአንድ ድምፅ የወሰንነውን ታስታውሳላችሁ። ፒሳ የተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና በይፋ ከለቀቃቸው የሒሳብ ጥያቄዎች ጥቂቱን ለስምንተኛ ክፍል ልጆቻችን እንስጥ፣ የቱ ጋ እንደሚቸገሩ እንይ ተባባልን። አምስት አባላት ያለ አንዳች አበል ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛና ወደ ሲዳሙ አፎ መለሱ። ማባዣውን ከኪሳችን አዋጣን። መጋቢት ላይ ፈተናው ተሰጠ፣ ታረመ። በዚህ ሥራ ዛሬም እኮራለሁ።

ከዚያ አንድ አባል የየትምህርት ቤቱን አማካይ ውጤት በደረጃ ደርድሮ ቴሌግራም ቡድናችን ላይ ለጠፈው። ከዚያች ማታ ጀምሮ ስለ ልጆቹ የሚያነሳ ጠፋ። «እኛ ከእነሱ በታች?» «እነሱ ልጅ መርጠው ነው ያስፈተኑት!» አንዱ ትምህርት ቤት ወረቀቶቼ ይመለሱልኝ አለ። ሃያ ዓመት አብረው ያስተማሩ ሁለት አባሎቻችን እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

«መርጠው ነው» ያሉት ግን እውነት ነበራቸው፤ ያኔ ባለመስማቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዓለሙንም ሠንጠረዥ ስናይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ማን ተፈተነ ብለን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በፒሳ «ቻይና አንደኛ» ሲባል የተፈተነው የሻንጋይ ልጅ ነበር። ደቡብ አፍሪካ በ2019 ቲምስ በተባለው ሌላ ዓለም አቀፍ ፈተና የ8ኛ ክፍሉን ያስቀመጠችው 9ኛ ክፍሎችን ነው። ፒሳ የሚፈትነው 15 ዓመት የሞላቸውን፣ ያውም ትምህርት ላይ ያሉትንና ቢያንስ 7ኛ ክፍል የደረሱትን ነው። በ2022 ሲንጋፖር በሒሳብ 575፣ ካምቦዲያ 336 አገኙ፤ የካምቦዲያው ቁጥር ግን ከአገሪቱ የ15 ዓመት ልጆች ግማሹን እንኳ አይወክልም። ትምህርቱን ጥሎ ሐይቃችን ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚያራግፈው ልጃችን በእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ውስጥ አይታይም። በዚያ ዙር 81 አገሮችና ግዛቶች ሲሳተፉ ኢትዮጵያም አልነበረችም።

ታዲያ ማነጻጸር ይቅር ማለቴ አይደለም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ የመጀመሪያው የፒሳ ውጤት ሲነገራት ክው ብላ ነበር። ግን ከድንጋጤዋ በኋላ አገር አቀፍ የትምህርት መመዘኛ አወጣች፣ ሙሉ ቀን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችን አስፋፋች። እኛ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 3.2 በመቶ ብቻ ማለፋቸውን የሰማን ሰዎች ነን። ከዚያ ወዲያ በደረጃ መጣላት ምን ያደርግልናል?

ወረቀቶቹ በሦስት ካርቶን ታስረው ቤቴ ከረሙ። በሰኔ አንዱን ፈታሁት። ስለ እርምጃ የሚጠይቀውን ታስታውሳላችሁ፦ በደቂቃ የሚረገጠው እርምጃ ብዛት ለአንዱ እርምጃ ርዝመት በሜትር ሲካፈል 140 ይሆናል፤ በደቂቃ 70 እርምጃ የሚሄድ ሰው የአንዱ እርምጃው ርዝመት ስንት ነው? መልሱ ግማሽ ሜትር ነው። ወረቀት በወረቀት ላይ ያገኘሁት ግን 140 ለ70፣ ሁለት ሜትር! ያልታወቀው ቁጥር ታህት ላይ፣ ማለትም ከክፍልፋዩ መስመር በታች፣ ሲሆን ልጆቹ ይጠፋቸዋል፤ እኛም ሁልጊዜ ላዕል ላይ እያስቀመጥን ነው የምናለማምዳቸው። በፍቅር ሐይቅ ዳር ሁለት ሜትር እየተራመደ የሚሄድ ሰው አይተው ያውቃሉ ወይ ብለን አንጠይቃቸውም።

አንዲት ልጅ ግን ሁለት ብላ ከጻፈች በኋላ ከሥሩ በእርሳስ «ይህ ሰው ይዘላል» ብላለች። ስህተቱን አይታዋለች! ወዴት እንደምትመለስ ያሳያት ሰው ነው የጎደላት። ወረቀቷ ላይ ያረፈው ምልክት አንድ ኤክስ ብቻ ነው። መምህሯ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። በደረጃው ክርክር ጊዜ ከሁሉም በላይ የጻፈው እሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስብሰባም መዋጮም የለም። ቅርብ የሆናችሁ ንገሩልኝ፦ የቀረበትን መዋጮ አልጠይቀውም፣ ያቺን ወረቀት ግን መጥቶ እንዲያያት እለምነዋለሁ።

ካርቶኖቹን ይዣቸው መጥቻለሁ፤ እዚህ ጠረጴዛው ሥር ናቸው። የትምህርት ቤቶቹን ስም ሸፍኜዋለሁ። ከሻይ በኋላ በየጠረጴዛው ሃያ ሃያ ወረቀት እናድላለን፤ ነጥቡን ትታችሁ ልጁ የሄደበትን መንገድ ጻፉልን። የማይነጋገሩት ሁለቱ ወንድሞቼ አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ እኔም አብሬያቸው እቀመጣለሁ።

ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን አበሥራለሁ።